ወሩ ሳያልቅ ብሩ ሲያልቅ፦ የቤታችሁን ጫናና ተስፋ እንዴት ትለካላችሁ፣ ከየት ትጀምራላችሁ

"ኑሮ እንዴት ነው?" ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ ተመስገን። ኪሱ የሞላውም ተመስገን ይላል። የኪራይ ቀን ደርሶበት ከአከራዩ ጋር ላለመገጣጠም በማለዳ ከግቢ ሹልክ የሚለውም ተመስገን ይላል። መልካም ልማድ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን በዚህ መልስ አንድ ቤት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ሰውየው ራሱም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ጭንቅ ብሎታል፤ ያስጨነቀው የብሩ ማነስ ይሁን፣ ዕዳው ይሁን፣ ወይስ ነገ ከዛሬ የማይሻል መምሰሉ ይሁን ለይቶ አላየውም።

ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የገንዘብ ጫና አንድ ነው፣ በኑሮ መርካት ሌላ ነው፣ ተስፋም ሌላ ነው። እርግጥ ይጓተታሉ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ግን ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ለዚህ ነው ደመወዝ ተጨምሮለት እንኳ ፊቱ የማይፈታ ሰው ያለው፣ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ እየኖረ "ሁለት ዓመት ብቻ ጠብቁኝ" የሚል ደግሞ ያለው።

ይህን የምጽፈው ገቢ ላለው ግን ገቢው ለማይደርስለት ሰው ነው። ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለጥበቃው፣ ለትንሽ ሱቅ ባለቤቷ፣ ለታክሲ ሹፌሩ። ምንም ገቢ ለሌለው ሰው "በጀት አውጣ" ማለት ስድብ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ገንዘብ እንጂ ምክር አይደለም።

መጀመሪያ ለኩ

ወረቀት አውጡና መሰላል ሣሉ። ከታች 0፣ ከላይ 10። 10 ማለት ለራሳችሁ ልታስቡት የምትችሉት ምርጥ ኑሮ ነው፣ 0 ደግሞ መጥፎ የምትሉት የመጨረሻው። አሁን የቆማችሁት ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው? ቁጥሩን ጻፉ። ከ5 ዓመት በኋላስ ስንተኛው ላይ የምትቆሙ ይመስላችኋል? እሱንም ጻፉ።

ጥያቄው የኔ አይደለም። ሃድሊ ካንትሪል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ነው። ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ዛሬም ከመቶ በላይ አገሮች ውስጥ ሰው ይጠይቅበታል። በየዓመቱ "ፊንላንድ አንደኛ ወጣች" እየተባለ የምንሰማው የደስታ ደረጃ ከዚሁ መሰላል የሚወጣ ነው፤ ማንም ፊንላንዶችን ስንቴ እንደሳቁ አልቆጠረም። ጋሉፕ ለአሁኑ 7ና ከዚያ በላይ፣ ለመጪው 8ና ከዚያ በላይ የሰጠውን ሰው ኑሮው የለመለመለት አድርጎ ይመድበዋል። በሁለቱም 4ና ከዚያ በታች የሰጠው በሥቃይ ላይ ነው ይባላል። እኔ የምወደው ነገሩ ቁጥር ላይ ተመስገን የማይሠራ መሆኑን ነው። ፈጣሪን እያመሰገኑም 3 ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ባልና ሚስት ለየብቻ ጻፉ፣ ሳትተያዩ። አንዱ 6 ሌላዋ 3 ካለች አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለውን ቁጥር የሚጽፈው ባለሱቁ ፊት የሚቆመው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ጫናውን። ያለፉትን 30 ቀናት አስቡና አዎ ወይም አይ በሉ። ለአስቤዛ ተበድራችኋል ወይም በዱቤ ወስዳችኋል? መክፈል የነበረባችሁን አንድ ነገር፣ ኪራይ ይሁን መብራት ይሁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አሳልፋችኋል? ነገ ድንገት 5,000 ብር ቢያስፈልግ ሳትበደሩና ዕቃ ሳትሸጡ ታወጣላችሁ? (እዚህ ላይ "አይ" የሚለው ነው እንደ ጫና የሚቆጠረው።) በገንዘብ ምክንያት እንቅልፍ አጥታችኋል ወይም ተጣልታችኋል? ከአራቱ ሦስቱ ከተቆጠሩባችሁ ጫናው ከባድ ነው፤ ደመወዛችሁ የፈለገውን ያህል ይሁን። ገቢ እንዳልጠየቅኩ ልብ በሉ። 40,000 ብር እያገኘ አራቱም የሚቆጠሩበት ቤት አለ፣ 15,000 እያገኘ አንዱ ብቻ የሚቆጠርበትም አለ።

ቁጥሮቹን አንድ ላይ ስታዩ መልክ ይይዛሉ። ጫናው ከባድ ሆኖ የ5 ዓመቱ ቁጥር ከአሁኑ በደንብ ከፍ ካለ ተስፋው አለ፣ ዕዳውና ወጪው ላይ መሥራት ነው። ጫናው ቀላል ሆኖ የ5 ዓመቱ ቁጥር ዝቅ ካለ ግን ጉዳዩ ብር ላይሆን ይችላል። ጤና ነው፣ ትዳር ነው፣ የሰፈሩ ወይም የአገሩ ሰላም ነው። እሱን በቁጠባ ለመፍታት አትድከሙ። ሁለቱም ከከፉ የሚቀጥለው ሁሉ ለእናንተ ነው፣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ሂዱበት።

ብሩ ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል

ስለ ገንዘብና ደስታ ከሚወሩት ሁሉ ታዋቂው የ75 ሺህ ዶላሩ ወሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ከዚያ በላይ የሆነ የዓመት ገቢ የዕለት ስሜትን አያሻሽልም ተባለ። በ2023 ከመጀመሪያው ጥናት ባለቤቶች አንዱ፣ ዳንኤል ካነማን፣ ከተቃወመው ተመራማሪ ጋር አብሮ ሠርቶ አረመው፤ ለአብዛኛው ሰው ከዚያም በላይ መጨመሩን ይቀጥላል ብለው ተስማሙ። ለእኛ ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ እለፉት። የሚመለከተን ሌላው ግኝት ነው፤ አገሮች ሲነጻጸሩ፣ በገንዘብ ሁኔታ መርካትና በኑሮ መርካት በጣም ተጣብቀው የሚገኙት ድሃ በሆኑት አገሮች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚህ ገንዘብ ማለት ጤፍ፣ ኪራይና መድኃኒት ነው። ለመዝናኛ የሚተርፍ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ከህንድ ነው። ታሚል ናዱ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ ገበሬዎች ገንዘብ የሚያገኙት በዓመት አንዴ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ነው። ተመራማሪዎች ያንኑ ገበሬ ከአዝመራ በፊት፣ ኪሱ ባዶ ሳለ፣ ከአዝመራ በኋላም ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት፣ ያው ሰው ገንዘብ ባጠረው ወቅት የማሰብ ፈተናው ላይ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጣ ያሳያል። ሰውየው አልደደበም። ሐሳቡ በሌላ ነገር ተይዞበት ነው። በወሩ 25ኛ ቀን የምትወስኑት ውሳኔ ለምን ደመወዝ ከወጣ በኋላ ሞኝነት እንደሚመስላችሁ ከዚህ ይገባችኋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ ትልቅ የገንዘብ ውሳኔ፣ ብድርም ይሁን ዕቃ መሸጥ ይሁን እቁብ መግባት፣ ደመወዝ በወጣ ሳምንት እንጂ ባለቀበት ሳምንት አይወሰን።

ዕዳውን በስም ጻፉ

አብዛኛው ሰው ዕዳውን በድምር አያውቀውም። ማወቅም አይፈልግም። ግን አእምሮ ውስጥ የሚንጫጫው ድምሩ አይደለም፣ ስማቸው ነው፤ ባለሱቁ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ቴሌብር፣ የመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር። እያንዳንዱ ለብቻው ይነዘንዛል።

አንድ ቤት እናስብ። ሁለት ደመወዝ ተደምሮ 21,000 ብር ይገባል። ኪራይ 8,000። እቁብ በሳምንት 500፣ በወር 2,000። የሁለት ልጆች ትምህርት ቤት 2,400። ትራንስፖርት 2,200። የቀረው 6,400 ነው፣ ከዚያ ምግቡ፣ መብራቱ፣ ውኃው፣ ካርዱ፣ የእድሩ መዋጮ። እና ዕዳ፦ ሱቅ 1,800፣ ቴሌብር 2,500፣ ወንድም 5,000፣ ማኅበሩ 6,000። ድምር 15,300 ብር፣ አራት ስም።

በዚህ ወር ከየትም ይምጣ፣ ከትርፍ ሰዓት ሥራም ቢሆን፣ 1,800 ብር ተገኘ እንበል። የይሉኝታ ነገር ሆኖ ብዙዎቻችን ለአራቱም ትንሽ ትንሽ እናካፍላለን፣ ሁሉም እንዳይቀየሙ። ለእያንዳንዱ 450 ይደርሳል። አራቱም ስሞች ወረቀቱ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አራቱም ነገ ይደውላሉ። የሱቁን ግን ሙሉ በሙሉ ብትዘጉት ሦስት ይቀራሉ፣ እና በሱቁ በር ስታልፉ አንገት መድፋት ቀረ ማለት ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሲንጋፖር ውስጥ ዕዳ ያለባቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በእርዳታ ዕዳቸው ሲሰረዝላቸው የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ ነበር። ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ አስተሳሰባቸው ጠርቶ ተገኘ። ዋናው ነገር፣ ለውጡ የመጣው የተሰረዘው ብር በመብዛቱ ሳይሆን የተዘጉት የዕዳ መዝገቦች ቁጥር በመብዛቱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከትንሹ ጀምራችሁ አንዱን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው።

የሂሳብ ሰዎች ይቃወሙኛል፣ ወለዱ ከፍ ያለው ይቅደም ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ወለድ ካለ። የኛ ሱቅ ዱቤና የዘመድ ብድር ግን ወለድ የለውም። በስልክ የሚወሰድ ብድር ነው ልዩ የሚሆነው። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት የሚቆጥር ከሆነ እሱ ይቅደም። ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ ካለ ደግሞ ሁሉንም ትታችሁ እሱን፤ ሌላ ዕዳ ገብታችሁም ቢሆን።

ለሌሎቹ ዝም አትበሉ። ባለዕዳ የሚጠላው ባለመክፈሉ አይደለም፣ በመጥፋቱ ነው። "ወንድሜ፣ ያንተን እስከ ጥር አልነካውም፣ ከጥር ጀምሮ በወር 1,000 ይመጣልሃል" ብላችሁ ቀን ቁረጡ። ቀን የተቆረጠለት ዕዳ ሌሊት አይቀሰቅስም። ደመወዝተኛ ከሆናችሁና ዕዳው ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል።

እጅ ላይ ያለች ብር

ብዙ ሰው "ብር እየረከሰ ምን ቁጠባ አለ?" ይላል። ትክክል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብር በወራት ውስጥ በዶላር ሲለካ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። እንደ ሀብት ማከማቻ ከታየ ባንክ ውስጥ ብር ማስቀመጥ ኪሳራ ነው።

ግን መጠባበቂያ ለመክበር አይያዝም። ላለመበደር ነው። ብሪታንያ ውስጥ 585 የባንክ ደንበኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በሒሳባቸው ላይ በቶሎ የሚያወጡት ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች በኑሮአቸው ይበልጥ ረክተው ተገኙ፤ ገቢያቸው፣ ኢንቨስትመንታቸውና ዕዳቸው ከግምት ገብቶም ቢሆን። መሬት ኖሮህ ለታክሲ ከለመንክ መሬቱ ለዛሬ አይጠቅምህም። እዚህ አገር ሰው ያገኘውን ሁሉ ብሎኬትና ሲሚንቶ ላይ አፍስሶ፣ ልጁ ሲታመምበት ግማሽ የተሠራ ቤቱን እያየ ብድር የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መጠኑ? ጥናት አልጠቅስም፣ የራሴን ልናገር። የመጀመሪያው ግብ የአንድ ሕክምናና የአንድ ሳምንት አስቤዛ ያህል ነው፣ ዛሬ ባለው ዋጋ ለብዙ ቤት ከ4,000 እስከ 6,000 ብር። የመጀመሪያው ዕዳ እንደተዘጋ፣ ለሱ ስትከፍሉ የነበረውን እዚያ አስገቡ። ከደመወዝ ሒሳባችሁ ለዩት። በስልክ ያለው የቁጠባ አማራጭም ይሆናል፣ ሌላ ባንክም ይሆናል፣ ለሚስት በአደራ መስጠትም ይሆናል (ከሁሉ የሚጠነክረው እሱ ነው)።

ከብሩ ጎን ደግሞ እህል። ጤፍ በብዛት ወደ ገበያ የሚገባው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ክረምት ሲመጣ ይወደዳል። ጤፍ ደግሞ ከስንዴና ከበቆሎ ይልቅ ነቀዝ የማይደፍረው እህል ነው፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አቅም ከፈቀደ ከሁለት ሦስት ቤት ጋር ተቀላቅሎ በጥር አንድ ኩንታል መግዛትና ሳይፈጭ ማስቀመጥ ከብዙ የባንክ ሒሳብ ይሻላል። ዱቄቱን አታከማቹ፣ ይበላሻል። ከፍላችሁ የምታስፈጩት የወሩን ብቻ ይሁን።

የነሐሴ ደመወዝ

ይህን ለብቻው ያነሣሁት በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ወቅት እሱ ስለሆነና ከዓመት ዓመት እንደ ድንገተኛ ነገር ስለምንቀበለው ነው። ደመወዝ በ12 ወር ነው የሚከፈለው። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም። በነሐሴ መጨረሻ የተከፈለው እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ወይም 36 ቀን መድረስ አለበት። በነዚያ ቀናት ውስጥ ደግሞ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር አለ። ዶሮው፣ ቅርጫው፣ ቅቤው። ከዚያ ጥቅምት ላይ ሰው ለምን ገርጥቶ እንደሚታይ እንገረማለን።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ባለፈው ዓመት ከጳጉሜ እስከ መስከረም መጨረሻ ከተለመደው በላይ ያወጣችሁትን በግምት ጻፉ። 11,000 ብር ነው እንበል። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ 11 ወር አለ፣ በወር 1,000 ማለት ነው። ያን ያህል አይገኝም? ግማሹን አድርጉትና ሌላውን ግማሽ ከበዓሉ ቀንሱ። በዓል ላይ መቀነስ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፣ ጎረቤት አለ፣ አማች አለ። ግን ዶሮውን በብድር ገዝቶ ጥቅምትን በዱቤ መብላት የበለጠ ያዋርዳል።

እቁብ እዚህ ይጠቅማል፣ በአግባቡ ከተገባ። መጠኑን ስትመርጡ በጥሩ ወር የምትጥሉትን አትመልከቱ፣ በመስከረም ልትጥሉት የምትችሉትን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ገንዘብ ቸግሮት እቁብ ገብቶ፣ እጣ ለመግዛት ኮሚሽን ከፍሎ መጀመሪያ ይወስድና ቀሪውን ዓመት ዕዳ ይከፍላል። ያ እቁብ ሳይሆን ብድር ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ይልቅ የነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት እጣ ቢደርሰው ነው የሚሻለው። የእቁቡን ዳኛ ካስረዳችሁት ተራ ሊያመቻችላችሁ ይችላል።

እድር ለሞት ነው፤ ለሕመም ብዙውን ጊዜ አይደርስም። ደመወዝተኛ ላልሆናችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው፣ አሁን በብዙ ወረዳ አለ፤ አባል የሆኑ ቤተሰቦች የመበደር ፍላጎታቸው እንደቀነሰ ተጠንቷል። መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፣ መመዝገቢያው ጊዜ እንዳያልፋችሁ ቀበሌ ወይም ወረዳ ጠይቁ። መድኃኒት የለም ተብሎ ወደ ግል ፋርማሲ የሚላክበት ጊዜ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ከኪስ ከመክፈል ይሻላል።

ኪራይ ላይ አንድ ነገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አከራይ ስትከራከሩት "ቤቱን እፈልገዋለሁ" ይል ይሆናል፣ ሕጉ ሁሉን አይፈታም። ግን ከኪራይ የሚመጣው ጭንቀት ከብሩ በላይ "መቼ ይጨምርብኝ ይሆን" የሚለው ነው፤ የተመዘገበ ውል ቢያንስ ያን ያህሉን ያነሣል።

ተስፋ ላይ ሥራ አለ

ቻርልስ ሪቻርድ ስናይደር የሚባል በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ልቦና ሊቅ ተስፋን ሁለት ከፈለው። አንደኛው ወኔ ነው፤ እችላለሁ፣ እቀጥላለሁ ማለት። ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ከዚህ እዚያ የሚወስድ፣ ባይሆን ደግሞ ሌላ የሚተካ። አንዱ ብቻውን ተስፋ አይባልም።

ይህን ይዛችሁ አዲስ አበባን ተመልከቱ። ከ1997 እና ከ2005 ጀምሮ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ሲቆጥብ የኖረ ስንት ሰው አለ። ወኔው አለ፣ በየወሩ ቆጥቧል። መንገዱ ግን አንድ ነው፣ እሱም እጣ ነው፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች እጣ ወጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሰረዝ፣ የብዙ ሰው የ5 ዓመት ቁጥር በአንድ ማታ ወርዷል ብል ማጋነን አይሆንም። ዲቪም እንዲሁ ነው። ምዝገባው ከተከፈተ ሙሉት፣ ምንም አይደለም። ግን "ዲቪ ይደርሰኛል" የቤታችሁ ብቸኛ መንገድ ከሆነ ተስፋችሁን በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚያስቆርጥ ነገር ላይ ሰቅላችሁታል።

መንገድ ማየት ምን ያህል እንደሚሠራ ከራሳችን አገር ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሐረርጌ ውስጥ ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎች፣ አለማየሁ ስዩም ታፈሰ አንዱ ነበሩ፣ ለገበሬዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። ፊልሞቹ ስለ ባለሀብት አይደሉም። እንደነሱው ባለ ገጠር ተወልደው በራሳቸው ጥረት ኑሮአቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው፣ እንዴት እንዳደረጉት ራሳቸው የሚናገሩበት። ለሌሎች ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም ታየ። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢውን ያዩት ከሌሎቹ የበለጠ ቆጥበው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ላይ አበርትተው ተገኙ። ማንም ገንዘብ አልሰጣቸውም።

ከዚህ የምትወስዱት ይህ ነው። የኢንስታግራም ባለጸጋ አትመልከቱ፤ ጎረቤት ማየትም ሁልጊዜ አይጠቅምም። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ለአንዳንድ ቤተሰቦች ብቻ ገንዘብ በተሰጠ ጊዜ፣ የተቀበሉት በኑሮአቸው ይበልጥ ሲረኩ ያልደረሳቸው የመንደሩ ሰዎች እርካታ ግን ቀንሷል። የምትፈልጉት ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በፊት እናንተ አሁን ያላችሁበት የነበረን ሰው ነው። ቡና ጋብዙትና ዝርዝሩን ጠይቁት። "እንዴት ተሳካልህ?" አትበሉት፣ "በእግዚአብሔር ፈቃድ" ብሎ ይዘጋዋል። "የመጀመሪያውን ገንዘብ ከየት አመጣህ? ማን ነው የነገረህ? ከመጀመሪያው ሥራ ስንት ወር በኋላ ነው የተረፈህ? ምኑ ከሸፈብህ?" በሉት።

ከዚያ አንድ ግብ ጻፉ። ሥሩ ሦስት መንገድ ጻፉ። ለምሳሌ ነርሷ በወር 4,000 ብር መጨመር ፈለገች እንበል። አንደኛ፣ የግል ክሊኒክ የማታ ተረኛ። ሁለተኛ፣ ለታመሙ አዛውንት ቤት ድረስ ሄዶ መርፌና ቁስል መጠገን። ሦስተኛ፣ ደረጃ የሚያሳድግ ሥልጠና። ከሦስቱ አጠገብ በዚህ ሳምንት የሚደረግ አንድ ነገር ትጽፋለች፤ ለማን ትደውላለች፣ የትኛው ክሊኒክ በር ትገባለች። አንደኛው ካልሆነ ሁለተኛው ስላለ "አለቀልኝ" የሚለው ቃል ቦታ ያጣል።

ውጭ ዘመድ ላላችሁ

ከሪያድ፣ ከቤይሩት ወይም ከዋሽንግተን የሚላክ ገንዘብ የብዙ ቤት መጠባበቂያ ነው። ስልኩ ግን የሚደወለው ችግር ሲኖር ብቻ ነው። ላኪዋ ስልኳ ላይ የቤቱ ቁጥር ሲመጣ ሆዷ ይባባል። እሷም መሰላሉን ትሙላ፤ ብዙዎች ያላሰቡትን ነገር ታዩበታላችሁ፣ እዚህ ያለው 5 ሲል እዚያ ያለችው 3 ልትል ትችላለች። ጥሩው ስምምነት ሁለት የተለየ ገንዘብ መኖሩ ነው። አንደኛው በየወሩ የታወቀ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቀር። ሁለተኛው ለሕመም ብቻ፣ ተነጥሎ የሚቀመጥ። ልኬቱን ንገሯት፤ "ሦስት ዕዳ ቀርቶናል፣ አንዱ በኅዳር ይዘጋል" ስትሏት የላከችው ብር የት እንደገባ ታያለች። ጉድጓድ ውስጥ እየጣልኩ ነው ከማለትም ትድናለች።

የእናንተ ጥፋት ያልሆነው

ዘይት ሲወደድ፣ ነዳጅ ሲጨምር፣ ሁሉም ቤት አንድ ላይ ይጨነቃል። ያ የግል ድክመት አይደለም፣ በወረቀትና በእስክሪብቶም አይፈታም። የተመራማሪዎቹን ቁጥር ስታነቡም ይህን አትርሱ፤ ጫና ያለበት ሰው እርካታው ዝቅ ይላል ማለት ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። አቅጣጫውም ሁለት ነው። ገንዘብ ማጣት ያስከፋል፣ የተከፋ ሰው ደግሞ ሥራ መፈለግና ሂሳብ መያዝ ያቅተዋል። እንቅልፉ ጠፍቶ ሳምንታት ካለፉ፣ የ5 ዓመቱ ቁጥር 0 ከሆነ ወይም "ባልኖር ይሻል ነበር" የሚል ሐሳብ ከመጣ የዕዳ ዝርዝሩን አቁሙትና ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ይህ እንደ ወባ የሚታከም ነው።

መልሳችሁ ለኩ

ከሦስት ወር በኋላ። ደመወዝ በወጣ ቀን አትለኩ፣ ሁሉም ሰው 7 ነው። በመስከረምም አትለኩ። የወሩ 20ኛ ቀን አካባቢ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜም ያው ቀን ይሁን። አራቱን የጫና ጥያቄዎች መጀመሪያ፣ መሰላሉን ቀጥሎ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነቃነቀው ጫናው ነው፣ ቀጥሎ የ5 ዓመቱ ቁጥር፣ የአሁኑ ቁጥር ከሁሉ ኋላ ይከተላል፤ ስለዚህ አሁንም 4 ላይ ናችሁ ብላችሁ ወረቀቱን አትቅደዱ። ሦስት ዙር ለክታችሁ ጫናው ቀንሶ የ5 ዓመቱ ቁጥር ግን ካልተነቃነቀ ከዕዳው ወረቀት ወደ ሦስቱ መንገዶች ተመለሱ፣ ምናልባት ሦስቱም በሌላ ሰው እጅ ያሉ ናቸው።